ሁለት ኮምፒዩተሮችን በአንድ ኪቦርድ ስለ ማዘዝ



በዚህ ዓመት በመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ጸሓፊ ሆኜ ስሠራ አንድ ትንሽ መሣሪያ ብዙ ትምህርት ሰጥቶኛል። ስለዚህ መሣሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፤ በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ሁለት ኮምፒዩተር ኖሮት ሞኒተሩና ኪቦርዱ ግን አንድ ብቻ የሆነበት ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ በመሣሪያው ስሠራ የፈጸምሁትን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው በማሰብ ነው።

በዝግጅት ክፍላችን ሁለት ኮምፒዩተሮች አሉ። አንዱ አሮጌ ሲሆን ያለፉት ዓመታት መጽሔቶችና ፎቶግራፎች ተከማችተውበታል። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ የዘንድሮው ጽሑፍ የሚተየበው በእርሱ ላይ ነው። ሞኒተር፥ ኪቦርድና ማውስ ግን ያለን አንድ አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ በፈለግን ቍጥር ከጠረጴዛው ሥር እየገባን ገመድ መንቀልና መሰካት ግድ ሆነብን። አንድ ቀን በችኰላ ስንሰካ ከሞኒተሩ ገመድ 15 ጥቃቅን እግሮች አንዱ ተጣመመ። የፊዚክስ መምህራችን በመቈንጠጫ ቀስ ብለው ካቀኑት በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ገመድ ስትነቅሉ ዓመቱ ማለቁ ነው፤ መላ እንፈልግለት» አሉን። በሳምንቱም መሣሪያውን ገዝተው ይዘውልን መጡ።

ስሙ «ኬቪኤም ስዊች» ይባላል። ሦስቱ ፊደላት ኪቦርድ፥ ቪዲዮና ማውስ ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ የተወሰዱ ናቸው። ሥራውን ለመረዳት የመስኖ ገበሬን ማሰብ ይበቃል። ገበሬው በአንድ ቦይ ሁለት ማሳ ሲያጠጣ፥ የአንዱን መግቢያ በአፈር ደፍኖ የሁለተኛውን ይከፍታል እንጂ ሌላ ወንዝ አይቈፍርም። ስዊቹም እንደዚሁ ከኪቦርዱና ከማውሱ የሚመጣውን ትእዛዝ ወደ ተመረጠው ኮምፒዩተር ብቻ ይመራል፤ ከዚያው ኮምፒዩተር የሚወጣውንም ሥዕል ወደ ሞኒተሩ ያደርሳል። የእኛ ለሁለት ኮምፒዩተር የሚሆን ነው፤ ለ4፥ ለ8 እና ለ16 የሚሆኑም አሉ። ብዙ ሰርቨሮች በተደረደሩበት ክፍል አንድ ሠራተኛ በአንድ ኪቦርድ ሁሉንም የሚቈጣጠረው በዚህ ዐይነት መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በሚገባ መታወቅ አለበት። በመጀመሪያ፥ ከሞኒተሩ የተሰወረው ኮምፒዩተር አልተዘጋም፤ አልተኛምም። የጀመረውን ሥራ፥ ለምሳሌ ፋይል መገልበጥን ወይም ማተምን፥ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ሁለተኛም፥ ስዊቹ ሁለቱን ኮምፒዩተሮች አንድ አያደርጋቸውም። በአንዱ ላይ «ኮፒ» ያደረጉትን ጽሑፍ በሌላው ላይ «ፔስት» ማድረግ አይቻልም። ፋይል ለማሻገር ፍላሽ ወይም የኔትወርክ መስመር ያስፈልጋል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ የፊደሉ ነገር ነው። በአሮጌው ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ፥ በአዲሱ ግን አማርኛ እንጽፋለን። ታዲያ አንድ ኪቦርድ ሁለት ቋንቋ እንዴት ሊያውቅ ቻለ? መልሱ ኪቦርዱ አንድም ቋንቋ አያውቅም የሚል ነው። በዩኤስቢ የሚሠራ ኪቦርድ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የተነካውን ቍልፍ ቍጥር ነው። የእንግሊዝኛው «ኤል» የተጻፈበት ቍልፍ ሲነካ የሚላከው ቍጥር 15 ነው። ይህ ቍጥር ወደ አሮጌው ኮምፒዩተር ሲደርስ «ኤል» ይሆናል፤ በድምፅ የሚጻፍ የአማርኛ አጻጻፍ ወደ ተመረጠበት አዲሱ ኮምፒዩተር ሲደርስ ግን «ል» ይሆናል። የቋንቋው ምርጫ በኪቦርዱ ውስጥ ሳይሆን በየኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ስዊቹ ሲዞር ቋንቋውም አብሮ ይለወጣል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፥ ዛሬ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለ ችግር ይነበባል።

አሁን ወደ አተካከሉ እንለፍ። እኛ የተከተልነው ተራ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ስዊች ከመግዛት በፊት የኮምፒዩተሮቹን ጀርባ መመልከት ያስፈልጋል። የእኛ አሮጌ ኮምፒዩተር ለሥዕል ያለው መውጫ «ቪጂኤ» የሚባለው ብቻ ነው፤ ይህም በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ዐይነት ነው። አዲሱ ግን ቪጂኤም «ኤችዲኤምአይ» የሚባለውም አለው። ሁለቱ ዐይነቶች ሥዕሉን የሚልኩበት መንገድ የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ ገመድ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚጋሩትን ቪጂኤን መረጥን። የሚጋሩት ከሌለ ግን መለወጫ መሣሪያ መጨመር ግድ ነው።

ሁለተኛ፤ ሁለቱንም ኮምፒዩተሮች በሥርዐት ዘግተን ከኤሌክትሪክ ነቀልናቸው። ዩኤስቢ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ሳለ ቢሰካም አይጎዳም፤ ነገር ግን የድሮው ክብ የኪቦርድ ሶኬት ያለው ኮምፒዩተር ሳይዘጋ ሊነካ አይገባውም።

ሦስተኛ፤ ሞኒተሩን፥ ኪቦርዱንና ማውሱን በስዊቹ ላይ በየሥዕላቸው ምልክት በተለየላቸው ቦታ ሰካን። ኪቦርዱ በማውሱ ቦታ ቢገባ ጽሑፍ ይጽፍ ይሆናል፤ ስዊቹን ለማዞር የሚነካው የቍልፍ ትእዛዝ ግን በብዙዎቹ ላይ አይሠራም።

አራተኛ፤ ከየኮምፒዩተሩ አንድ የሥዕልና አንድ የዩኤስቢ ገመድ አምጥተን አሮጌውን ከቍጥር 1፥ አዲሱን ከቍጥር 2 ጋር አገናኘን። የአንዱ ኮምፒዩተር ሥዕል በ1፥ ዩኤስቢው በ2 ከተሰካ፥ ሰውየው አንዱን እያየ ሌላውን ያዝዛል። ስለዚህ በየገመዱ ጫፍ ላይ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍንበት።

አምስተኛ፤ ኮምፒዩተሮቹን በተራ፥ እያንዳንዱን በስዊቹ እየመረጥን አስነሣን። ይህም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሞኒተሩን ስፋትና ልክ ራሱ ከሞኒተሩ እንዲያነብ ነው።

ከዚያ ወዲያ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሁለት መንገድ አለን። አንዱ በስዊቹ ላይ ያለውን ቍልፍ መጫን ነው። ሁለተኛው «ስክሮል ሎክ» የሚባለውን የኪቦርድ ቍልፍ ሁለት ጊዜ ፈጥኖ ነክቶ የኮምፒዩተሩን ቍጥር መጫን ነው። ሥዕሉ ለአንድ አፍታ ይጠፋና የሌላው ይመጣል። ከጠረጴዛ ሥር መግባታችንም በዚሁ ቀረ።

እንግዲህ ስሕተቴን ልናገር። በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ የትምህርት ቤታችንን ዐርማ ለጌጥ አድርጌበት ስለ ነበር መልካቸው አንድ ሆኖ ነበር። በሁለቱም ላይ ደግሞ «መጽሔት» የሚባል ፎልደር ነበር። በአሮጌው ላይ ያለው የማያስፈልግ ቅጂ ነው፤ በአዲሱ ላይ ያለው ግን የዘንድሮው 23 ጽሑፍ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህራችን ቅጂውን ከአሮጌው እንዳጠፋ አዘዙኝ። እኔም አዲሱ ላይ እየሠራሁ ነበርና ስክሮል ሎክን ሁለት ጊዜ ነክቼ 1ን ተጫንሁ። ዳሩ ግን ሁለተኛው ንክኪ ዘግይቶ ስለ ነበር ስዊቹ አልዞረም። እኔ ወረቀት እያየሁ ስለ ነበር ሥዕሉ አለመጥፋቱን አላስተዋልሁም። «መጽሔት» የሚለውን መርጬ፥ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሳይገባ በቀጥታ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ሰጠሁ። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝም እርግጠኛ ነበርሁ።

ከዚያ ፎቶግራፎች ሳስገባ አንድ ሰዓት ያህል ቈየሁ። በኋላም ወደ አሮጌው ዞሬ ብመለከት አጠፋሁት ያልሁት ቅጂ እንዳለ ተቀምጦ አገኘሁት። እጄ ቀዘቀዘ። መምህራችን የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ቢሞክሩም፥ ስሞቹ እንጂ ጽሑፎቹ አልተመለሱም። ፋይል በስሕተት ሲጠፋ ወዲያው ሥራ ማቆም እንደሚገባ፥ ያለዚያ አዲስ ነገር በቦታው እንደሚጻፍበት የተማርሁት በዚያን ቀን ነው።

መምህራችን አልተቈጡም። «የተጻፈ ሁሉ ሁለት ቦታ ይቀመጥ ያልሁህን አስታወስህ?» ብቻ አሉኝ። ቍጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከ23ቱ ጽሑፎች 17ቱ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ስለ ነበራቸው በዘጠኝ ቀን እንደ ገና ተየብኋቸው። የቀሩት 6ቱ ግን ወረቀት አልነበራቸውም፤ ጸሓፊዎቹ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ደግመው እንዲጽፉ ለመንሁ። ከእነርሱ አንዲቱ፥ አያትዋ የነገሩዋትን የጻፈች የ9ኛ ክፍል ተማሪ፥ ወደ አያትዋ ተመልሳ መጠየቅ ነበረባት። ጽሑፍዋ በዚህ መጽሔት ውስጥ ይገኛል፤ ከመጀመሪያው ግን ያጥራል። ለምን እንዳጠረ አንባቢ አሁን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አድርገናል። የአሮጌውን ኮምፒዩተር መልክ ቀይ፥ የአዲሱን አረንጓዴ አደረግን። ማናቸውንም ነገር ከማጥፋታችን በፊት በስዊቹ ላይ የበራችውን መብራት ቍጥር ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንናገራለን። የዕለቱንም ሥራ ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት በፍላሽ እንገለብጣለን።

ለማጠቃለል ያህል፥ ይህ መሣሪያ ገንዘብና ቦታ ይቈጥባል፤ ድካምንም ይቀንሳል። ነገር ግን የሚያዞረው ገመዱን እንጂ የሰውን ልብ አይደለም። አንድ እጅ ሁለት ኮምፒዩተር ሲያዝ፥ ዐይን ከእጅ መቅደም አለበት። አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁትን ለቅሜ ያልጨረስሁ ስለ ሆንሁ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ የሚሰማችሁ የትኛው ኮምፒዩተር እንደ ሆነ ሳታዩ አትዘዙ እላችኋለሁ።