የሐምሌ ሙቀትና የምንሰማው ዜማ



አገር ቤት ሐምሌ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሰውም እሳት ዳር ተሰብስቦ ቡናውን ይጠጣል። ሪያድ ላይ ግን ያው ሐምሌ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ የሚያልፍበት ወር ነው። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆቹ ቤት ይውላሉ፤ ብዙ ቤተሰብም ሌሊቱን ነቅቶ ቀኑን ይተኛል። ለእናንተ የምትተርፈው ሰዓት ትንሽ ናት። በዚያች ሰዓት ብዙዎቻችሁ ስልካችሁን ከፍታችሁ ዘፈን ትሰማላችሁ። ዛሬ የምንማማረው ስለ ምርጫው ነው።

አንዲት እህታችን እንዳጫወተችን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሥራዋን ጨርሳ ስትተኛ ትዝታ ታዳምጥ ነበር። መጀመሪያ እንባው ቀለል ያደርጋት ነበር። ሰንበት ሲል ግን እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ምግብ አስጠላት፣ የጠዋቱም ሥራ ከበዳት። ትዝታን አንከስም፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የዜማችን መሠረት የሆነ ቅኝት ነው። ነገር ግን አብሮ የሚተክዝ ሰው ሲኖር ይሻላል። ደክሟችሁ፣ ብቻችሁን፣ በሌሊት አትክፈቱት፤ ጓደኛ ለምታገኙበት ቀን አቆዩት።

ለሌሊቱ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እንመርጣለን። ግጥም የለበትም፤ ስለዚህ እናትን እየጠራ አያስለቅስም፣ ዝም ብሎ አብሯችሁ ይቀመጣል። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 የተወለዱ መነኩሲት ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘዋል፤ ከ1984 ጀምሮ ደግሞ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ከአገር መራቅን ያውቁታል። ከሸክላቸው የተገኘውንም ገንዘብ ለችግረኛ ልጆች ሰጥተዋል።

ቀን ልብስ ስትተኩሱ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ የቀረጸውን አልበም ሞክሩ። አኮርዲዮኑ ከኪቦርዱ ጋር ሲሄድ እጅ ሳይታወቀው ይፈጥናል። ኃይሉ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቶ አደረ፤ ኪቦርዱን ግን ከመኪናው ኋላ ጭኖ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ያ አልበም በ2013 እንደገና ታትሞ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። እኛ ይህን ታሪክ ከዜማው እኩል እንወደዋለን።

ውኃ ለናፈቃት የቻግኒዋ ጂጂ በ2001 ያወጣችው አልበም አለ፤ «ዓባይ» እዚያ ውስጥ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ የዓለሙ አጋ በገና ይበቃል፤ በሹክሹክታ የሚሰማ ስለሆነ ማንንም አይቀሰቅስም።

ዘፈን ከዘፈን እየዘለላችሁ አትስሙ። አንዱን አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስትሰሙ ሥራውም በእሱ ይለካል፤ «ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ ሸሚዞቹ አልቀዋል» ትላላችሁ።

ጥቂት ማሳሰቢያ፦ ድስት እሳት ላይ ካለ ወይም ሕፃን ከተኛ አንዱን ጆሮ ክፍት አድርጉ። ቤተሰቡ ሙዚቃ የማይወድ ሊሆን ስለሚችል ድምፁን ለራሳችሁ ብቻ አድርጉት። ልብስ ልታሰጡ ጣሪያ ላይ ስትወጡም ስልኩን ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ባትሪውም ይጎዳል። ዋይፋይ ተፈቅዶላችሁ ባገኛችሁ ቀን አልበሙን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ የካርድ ገንዘባችሁ አገር ቤት ለመደወያ ይቆይላችኋል።