ከኤምቢኤ በኋላ ፒኤችዲ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ኤምቢኤ በጨረሱ ማግሥት አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣል፦ «ፒኤችዲውስ መቼ ነው?» አባት ይጠይቃል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይጠይቃል፣ ክርስትና ላይ ያገኙት የሩቅ ዘመድም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ «ዶክተር» ትልቅ ማዕረግ ነው፤ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ «ዶ/ር» የምትለው ፊደል እንዳትረሳ አደራ ይባላል። ማዕረጉን የሚመኝ ብዙ ነው፤ ሥራውን የሚወድ ግን ጥቂት። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ለማወቅ፣ ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው። ሁለተኛው ላይ አይቸኩሉ።

1. የሚፈልጉትን የሥራ መደብ በስም ይጻፉ

«ራሴን ለማሳደግ» የሚለው አይቆጠርም፤ የመደብ ስም ይጻፉ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ማስተማርና መመራመር ወይም በጥናት ተቋም ተመራማሪ መሆን ከሆነ ዶክትሬት ያስፈልግዎታል። የባንክ ምክትል ፕሬዚዳንትነት፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅነት ወይም የራስ ንግድ ከሆነ አያስፈልግዎትም። ሒሳብ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የኤሲሲኤ የሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ ቢይዝ በቀጣሪ ዓይን የበለጠ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ከዚያ ለዚያ መደብ የወጡ ሦስት አራት የሥራ ማስታወቂያዎች ፈልገው «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን ያንብቡ። «ሁለተኛ ዲግሪና የ8 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ከሆነ፣ የጎደለዎት ልምዱ ነው።

2. ሥራውን ይቅመሱት

ኤምቢኤ በእጅ ባለው መረጃ ፈጥኖ የሚወስን ሰው ያሠለጥናል። ፒኤችዲ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ይዞ ዓመታት የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ ጠባይ አንድ ሰው ላይ የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው።

የራስዎን የመመረቂያ ጽሑፍ ከመደርደሪያ ያውርዱ። ርዕሱ የአንድ ነገር ተጽዕኖ በሌላ ነገር ላይ፣ በአንድ ባንክ ማሳያነት ሳይሆን አይቀርም፤ የአብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው። ምዕራፍ አራትን ይክፈቱ። በየቅርንጫፉ ከበተኗቸው መጠይቆች ውስጥ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» የሚለው ብቻ ምልክት ተደርጎባቸው የተመለሱ እንደነበሩ ያስታውሳሉ? ወረፋ የሚያስተናግድ ገንዘብ ያዥ 40 ጥያቄ ሙላ ሲባል ሌላ ምን ያድርግ? ጥያቄው ያን ጊዜ እርስዎ ምን አደረጉ የሚለው ነው። ሁሉንም ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አስገብተው፣ ውጤቱ ሲያምር እፎይ ብለው ወደ ምዕራፍ አምስት ካለፉ ለማስተርስ ያስኬዳል፤ ማንም አይፈርድብዎትም። «ይህ ሰው በእርግጥ ምን ያስባል? በሌላ በምን መንገድ ላውቅ እችላለሁ?» የሚለው ከከነከነዎት ግን ፒኤችዲ የሚፈልገው ያንን መከንከን ነው።

ቀጥሎ እውነተኛ ጥናት ያንብቡ፤ አጠቃሎውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እኛው አገር ሠርተው በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የፋብሪካ ሥራ ጥናት እመክራለሁ። በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ አንዱ ቡድን የሥራ ዕድል አገኘ፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የሦስቱ ቡድኖች ገቢ ተቀራርቦ አገኙት። እነዚያን ሰዎች ከዓመታት በኋላ፣ ስልክ ቀይረው ሰፈር ለቀው፣ አፈላልጎ ማግኘት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ይገምቱት። አንብበው ሲጨርሱ «ለምን ለቀቁ? አሠሪው ምን ቢያደርግ ይቆዩ ነበር?» የሚል የራስዎ ጥያቄ ከመጣ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይለፉ። ሠንጠረዦቹ ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ ከወሰደዎት ይህም መልስ ነው።

3. ፒኤችዲ ወይስ ዲቢኤ?

አሜሪካ ውስጥ የቢዝነስ ፒኤችዲ ሙሉ ጊዜ ተይዞ አራት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ደህና ትምህርት ቤቶች ክፍያውን ትተው፣ በማስተማርና በምርምር ረዳትነት ሥራ መተዳደሪያ ይሰጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኢኮኖሚክስና ስታትስቲክስ የበዛባቸው ኮርሶች ናቸው፤ ቀጥሎ ኮምፕሪሄንሲቭ ፈተና አለ። እዚህ ላይ ኤምቢኤ እምብዛም አያሳጥርልዎትም፤ የሚጠቅመው የሒሳብ መሠረት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው የፒኤችዲ ተማሪ ደመወዝተኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ስለዚህ የሚፈለገው እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ነው። አገር ቤት ለመማር ካሰቡ አገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይጠብቅዎታል።

ዲቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት) ሥራውን ሳይለቅ የመሥሪያ ቤቱን ችግር በምርምር ለሚፈትሽ ሥራ አስኪያጅ የታሰበ ነው፤ ወጪውን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ይሸፍናል። ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ሆነው በኢንተርኔት ለመማር ካሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ የኤኤሲኤስቢ ወይም የአምባ ዕውቅና እንዳለው ከራሳቸው ከዕውቅና ሰጪዎቹ ዝርዝር ላይ ይመልከቱ። አገር ቤት ሊሠሩበት ከሆነ ደግሞ ከመመዝገብዎ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ይጠይቁ። ተምረው ከጨረሱ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «በሥራ ልምድዎ በአንድ ዓመት ዶክትሬት» የሚል ካጋጠመዎት ገጹን ይዝጉት።

4. ሒሳቡን ይሥሩ

ሰው የሚያሰላው የትምህርት ክፍያውን ነው፤ ትልቁ ወጪ ግን የሚቀረው ደመወዝ ነው። ለምሳሌ የተጣራ ደመወዝዎ በወር 40,000 ብር ቢሆን፣ ሥራ ለቀው አራት ዓመት ሲማሩ 1,920,000 ብር ይቀርብዎታል፤ ዕድገትና ቦነሱ ሳይጨመር። ባንክ የሚሠሩ ከሆነ የቤት ብድር ውልዎን ያውጡና ሲለቁ ወለዱ ስንት እንደሚሆን ያንብቡ፤ የሠራተኛ ወለድ ከለቀቁ በኋላ እንደነበረ ይቀጥላል ብለው አይገምቱ። መሥሪያ ቤትዎ የሚያስተምርዎት ከሆነም ስንት ዓመት እንዲያገለግሉ እንደሚያስገድድና ተያዥ የሚሆንልዎ ሰው ምን እንደሚፈርም አስቀድመው ይወቁ። ተያዡ አጎትዎ ከሆኑ ውሉን እሳቸውም ያንብቡት።

ባልዎን ወይም ሚስትዎን ያማክሩ፤ «ልማር?» ብለው ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ በቀን ከፋፍለው።

5. አማካሪውን ከትምህርት ቤቱ ስም ያስቀድሙ

እርስዎን የሚያስጨርሰው ሰው አማካሪዎ ነው። ከእሱ ጋር የጨረሱ፣ በተለይም አቋርጠው የወጡ ተማሪዎችን ፈልገው ያነጋግሩ። አሁን ስንት ተማሪ ይዟል? የተላከለትን ምዕራፍ በስንት ጊዜ መልሶ ይሰጣል? ያቋረጠው ሰው መልስ ብዙ ጊዜ ከጨረሰው ይልቅ ግልጽ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ግንብ ላይና ቴሌግራም ላይ «ጥናት እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። ምን ዓይነት ምክር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ገና ሳይጀምሩ «የሚጽፍልኝ ሰው አይጠፋም» የሚል ሐሳብ ካለፈብዎት ማመልከቻውን ይተዉት።

6. ሦስት ወር ይሞክሩ

ሥራዎን ሳይለቁ በሳምንት ሁለት ማለዳ ለዚህ ይስጡ። ግቡ ሁለት ገጽ ኮንሰፕት ኖት መጻፍ ነው፦ ጥያቄዎ ምንድን ነው፣ ከዚህ በፊት እነማን ምን አሉ፣ መረጃውን ከየት ያገኛሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አያድበስብሱ፤ የድርጅት መረጃ ለማግኘት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ለብዙ ጥሩ ርዕስ መቅረት ምክንያት ሆኗል። ሦስት ወሩ አልቆ ሁለቱ ገጽ ካልተጻፈ ማመልከቻውን ለዘንድሮ ያቆዩት።

ከተጻፈ፣ ለመረጡት አማካሪ በኢሜይል ይላኩት። ደብዳቤው ከስድስት መስመር አይብለጥ፤ ከጽሑፎቹ የትኛውን እንዳነበቡና የእርስዎ ጥያቄ ከየት እንደሚቀጥል ይንገሩት። የትምህርት ማስረጃ ቁልል አያያይዙ። ሁለት ሳምንት ጠብቀው መልስ ከሌለ አንድ ጊዜ ያስታውሱት፤ አሁንም ዝም ካለ ወደሚቀጥለው ስም ይለፉ።