ስምን ሳይቆርጡ ከኪቦርድ መቀበል



እዚህ ጁባ ስም በመዝገብ ላይ ተሳስቶ ሲገባ ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ ታውቃላችሁ። የዛሬው የሲ ቋንቋ ትምህርታችን ይህን ስሕተት ስለ መከላከል ነው።

«ጌትስ» የተባለው ትእዛዝ የማስቀመጫውን ልክ አይጠይቅም፤ የተረፈውን ፊደል አጠገቡ ባለው መረጃ ላይ ይጽፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ትል ወደ ኮምፒዩተሮች ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ነበር። በ2011 ከቋንቋው ደንብ ተሰርዟል። በምትኩ ልክ የሚነገረውን «ኤፍጌትስ»ን ተጠቀሙ።

ልኩ ግን የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ገብረማርያም» 7 ፊደል፣ 21 ባይት ነው። 10 ባይት ብቻ ብትፈቅዱ አንዱ ለመዝጊያው ዜሮ ይሄዳል፤ የሚመዘገበው «ገብረ» ነው። የቀረው አይጠፋም፤ ፕሮግራሙ በዚያው ልክ የአባት ስም ሲጠይቅ «ማርያ» ተብሎ ይገባል!

እንግዲህ፦

1. ለ30 ፊደል 92 ባይት መድቡ፤ 90 ለስሙ፣ 1 ለኢንተር፣ 1 ለዜሮ።
2. በመጨረሻው ኢንተር ከሌለ ስሙ ተቆርጧል። ትርፉን እስከ ኢንተሩ አንብባችሁ ጣሉና እንደገና ጠይቁ።

መልመጃ፦ ስማችሁ እስከ አያት ስንት ባይት ነው? ክፍት ቦታ 1 ባይት ነው።