አንድ ስኒ ቡና፣ አንድ ማሽን፣ የባቱ ውሃ

አዲስ አበባን ከሐዋሳ በሚያገናኘው መንገድ ዳር፣ ባቱ ከተማ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ቡናው ከማሽኑ እስኪወርድ የሚጠብቀው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ጀበና ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚበቃውን ቡና አንድ ላይ አፍልቶ፣ ሲሰክን ይቀዳል። ማሽኑ ግን እያንዳንዱን ስኒ ለየብቻ፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ያወጣል። ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ማወቅ ለካፌ ባለቤትም፣ ለባሬስታውም፣ ለጠጪውም ይጠቅማል። ባቱ ላይ ደግሞ የቦታው ከፍታም ሆነ ውሃው የራሱ ጠባይ ስላለው፣ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ማሽኑ የሚያስተዳድረው ሦስት ነገሮችን ነው፦ ሙቀትን፣ ግፊትንና መጠንን።

ከሙቀት እንጀምር። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ነው። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው የአየር ግፊት ያነሰ ነው፤ በዚህም የተነሳ ውሃው 94.5 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ እሳቱ ቢበረታበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚህ በላይ አይሞቅም።

ማሽኑ ይህን ገደብ የሚያልፈው ውሃውን በዝግ ዕቃ፣ ማለትም በቦይለር ውስጥ በማሞቅ ነው። ቦይለሩ በከፊል ውሃ፣ ከላይ ደግሞ እንፋሎት ይይዛል። መውጫ ያጣው እንፋሎት ግፊት ይፈጥራል፤ የግፊት መለኪያው ቀስት 1 ባር ላይ ሲደርስ፣ ባቱ ላይ የቦይለሩ ውሃ 118 ዲግሪ ገደማ ሞቋል ማለት ነው። በባሕር ወለል ያለ ማሽን በዚያው ቀስት 120 ዲግሪ ይደርሳል። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ የውጭው አየር ሲቀል ያው ቁጥር ዝቅ ያለ ሙቀትን ያመለክታል።

ይህ እንፋሎት ወተት ለማሞቅና አረፋ ለማስያዝ ተስማሚ ነው። ለቡናው ግን ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሆነ ውሃ ነው የሚፈለገው፤ 118 ዲግሪ ያለው ውሃ ቡናውን አሳርሮ ያመርረዋል። ስለዚህ በብዙ ማሽኖች ውስጥ የቡናው ውሃ ከቦይለሩ አይቀዳም። በቦይለሩ መሐል አንድ ቱቦ ያልፋል፤ ከመስመር የመጣው አዲስ ውሃ በዚያ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ከዙሪያው ሙቀት ይወስዳል፣ ከቦይለሩ ውሃ ጋር ግን አይቀላቀልም።

ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ከልክ በላይ ይሞቃል። ባሬስታው የቡናውን ወንፊት የሚይዘውን እጀታ ሳያስገባ ውሃውን ቢለቅቀው፣ መጀመሪያ እንፋሎት እየተፋ እየተንጣጣ ይወርዳል፤ ከዚያ ይረጋጋል። ባቱ ላይ ውሃው ሲረጋጋ ከ94.5 ዲግሪ በታች መውረዱን በዚያ ማወቅ ይቻላል፤ ለቡና የሚስማማውም ሙቀት እዚያ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ግፊት ነው። የማሽኑ ታሪክ ባብዛኛው ግፊትን ከሙቀት የመለየት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 አንጄሎ ሞሪዮንዶ የተባለ የቱሪን ሰው በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ያ ማሽን ግን ቡናውን በብዛት የሚያፈላ ነበር። ለእያንዳንዱ ጠጪ ለየብቻ የሚቀዳውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1901 ያስመዘገበው የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ ነው። በእነዚያ ማሽኖች ውሃውን የሚገፋው የቦይለሩ እንፋሎት ስለነበር፣ ግፊት የፈለገ ሰው ሙቀት መጨመር ግድ ይሆንበት ነበር፤ ቡናውም ያር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጂያ ግፊቱን ለእጅ ማንሻና ለጠንካራ ሞላ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፋኤማ የተባለው ኩባንያ ኢ61 በተሰኘው ማሽኑ የሞላውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ አስረከበ። ዛሬ በካፌዎቻችን የምናያቸው ማሽኖች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው።

ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት 9 ባር ያህል ነው። ይህ 90 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው፤ ባቱ አጠገብ ያለው የደምበል ሐይቅ ጥልቀት 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወርዱ 58 ሚሊ ሜትር የሆነ የቡና ወንፊት በ9 ባር ሲገፋ የሚያርፍበት ኃይል ወደ 240 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። እጀታው በሁለት ጠንካራ ጥርሶች ተቆልፎ የሚያዘውና በጎማ የሚታሸገው ለዚህ ነው። ቡናው ወርዶ ሲያልቅ አንድ ቫልቭ የቀረውን ግፊት ወደ ፍሳሽ ይለቅቀዋል፤ ያ ቫልቭ ከተደፈነ እጀታው ሲፈታ ትኩስ አተላ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል።

ሦስተኛው መጠን ነው። ለአንድ ስኒ ከ7 እስከ 9 ግራም የተፈጨ ቡና ይገባል። ውሃው የሚዘገየው በቡናው ድቀት ነው፤ ሲደቅ ይዘገያል፣ ሲሻክር ይሮጣል። ቡናው ወንፊቱ ላይ እኩል ካልተጠቀጠቀ፣ ውሃው በሳሳው በኩል ቀዳዳ አበጅቶ ያመልጣል፤ አንዱ ወገን ይመርራል፣ ሌላው ሳይነካ ይቀራል።

በካፕሱል የሚሠራው የቤት ማሽን ይህን የእጅ ሥራ ወደ ፋብሪካ ያዛወረ ነው። በስዊዘርላንዱ ኔስሌ ይሠራ የነበረው ኤሪክ ፋቭር እ.ኤ.አ. በ1976 ሐሳቡን በፈጠራ መብት አስጠበቀ፤ ኔስፕሬሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ ወጣ። ካፕሱሉ ውስጥ ተመዝኖ የታሸገ 5 ግራም ያህል ቡና አለ። ማሽኑ ክዳኑ ሲዘጋ ካፕሱሉን በሹል ጥርሶች ይበሳል፤ ውሃው ሲገባ ግፊቱ ይጨምርና ከፊት ያለው ስስ አሉሚኒየም በፍርግርጉ ላይ ተወጥሮ ይቀደዳል፣ ቡናውም ይወርዳል። ትልቅ ቦይለር አያስፈልገውም፤ ውሃው በጠባብ የጋለ መንገድ እያለፈ ለአንድ ስኒ የሚበቃው ብቻ ይሞቃል።

አሁን ወደ ባቱ ውሃ እንመለስ። ባቱ በምትገኝበት በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች የፍሎራይድ መጠናቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ጣሪያ በላይ ነው፤ ጥርስ እንደሚያበልዝ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ከቦይለሩ እንፋሎት ሲወጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሄዳል፤ ጨውና ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። በጎደለው ፋንታ አዲስ ውሃ ይገባል፣ እሱም ድርሻውን ያስቀምጣል። ወተት በብዛት በሚሞቅበት ካፌ የቦይለሩ ውሃ ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው። የቡናው ውሃ በራሱ ቱቦ ስለሚያልፍ ከዚህ ክምችት ይተርፋል፤ ከቦይለሩ በቀጥታ የሚቀዳው የሻይ ውሃ ግን አይተርፍም።

ጥንቃቄ የሚሻው ሌላው ነገር የመብራት መቋረጥ ነው። ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለሳል፣ ውስጡ ባዶ ስለሚሆንም ከውጭ መምጠጥ ይጀምራል። ለዚህ የተሠራች አየር የምታስገባ ትንሽ ቫልቭ አለች። እሷ ከተጣበቀችና የእንፋሎቱ ቱቦ ወተት ውስጥ እንደተነከረና እንደተከፈተ ከተረሳ፣ ወተቱ ወደ ቦይለሩ ይሳባል።

ስለዚህ የካፌ ባለቤቶች ሆይ፣ የቦይለሩን ውሃ በየጊዜው አፍስሳችሁ ቀይሩ። የሻይ ውሃ ለብቻው በሌላ ዕቃ ይፍላ። ኖራ የሚያስቀር ተራ ማጣሪያ ፍሎራይድን አያስቀርም፤ የአጥንት ከሰል ወይም በግፊት የሚያጣራ ስስ ወንፊት ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል። ባሬስታዎችም መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የእንፋሎቱን ቱቦ ከወተቱ አውጡ። ለማሽን ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ወደ ማሽኑ ለሚገባው ውሃም ገንዘብ ማውጣት አለበት፤ ደንበኛው የሚጠጣው አብዛኛው ውሃ ነውና።