የሚያንጠባጥብ የሎደር ሲሊንደር፦ ጎሚኒውን ከመቀየር በፊት መንስኤውን መፈለግ

ለፕሮጀክት ክትትል ወደ አንድ የገጠር ደብር በሄድሁበት ወቅት፣ በግቢው ጥግ አንድ አነስተኛ ትራክተር ቆሞ አየሁ። ከፊቱ አፈር፣ አሸዋና ፍግ የሚያነሣ ሎደር ተገጥሞለታል። ከአንደኛው የማንሻ ሲሊንደር ሥር ግን የሚንጠባጠበውን ዘይት የሚቀበል ጣሳ ተደቅኗል። የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም እንደ ነገሩኝ፣ በ3 ወር ውስጥ ጎሚኒው 2 ጊዜ ተቀይሯል፤ ዘይቱ ግን መፍሰሱን አላቆመም። ጉባኤው ለ3ኛ ጊዜ ገንዘብ ይፍቀድ ወይስ ትራክተሩን ይሽጥ በማለት ይወያይ ነበር።

ባኬቱ መሬት ላይ እንዳረፈ፣ ሞተሩም እንደ ጠፋ፣ የሲሊንደሩን ዘንግ በጨርቅ ጠርገን በጥፍር ዳሰስነው። በአንድ ቦታ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ተገኘ። ለአጥር ሥራ ድንጋይ ሲጫን የተፈጠረ ነው። ሁለቱንም ጎሚኒዎች የቆረጣቸው ያ ጭረት ነበር፤ 3ኛውንም ይቆርጠው ነበር።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው የሰበካ ጉባኤ አባላትንና አገልጋዮችን መካኒክ ለማድረግ አይደለም። ክፍያ የሚያጸድቅ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ ጥገናውን በቅርብ የሚከታተልም ምን ማየት እንዳለበት ለማስገንዘብ ነው።

፩. የሲሊንደሩ አሠራር

ሲሊንደር ውስጡ እጅግ ለስልሶ የተሠራ የብረት ቱቦ ነው። በውስጡ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው፣ ክሮም የተቀባው ዘንግ ደግሞ በቱቦው ክዳን በኩል ይወጣል። ፓምፑ ዘይቱን በፒስተኑ አንድ ወገን ሲልከው ዘንጉ ወጥቶ የሎደሩን ክንድ ያነሣል፤ በሌላው ወገን ሲልከው ዘንጉ ገብቶ ክንዱ ይወርዳል።

በአነስተኛ ትራክተሮች የዘይቱ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ140 እስከ 200 ባር ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ ነው። ይህን ኃይል አፍነው የሚይዙት በጋራዥ አነጋገር ጎሚኒ የሚባሉት ጎማዎች ናቸው። በክዳኑ ውስጥ ዘንጉን ጨብጦ ዘይት የሚይዝ ጎሚኒ፣ ከእርሱም ወደ ውጭ አቧራና ጭቃ የሚጠርግ ጎማ፣ በክዳኑና በቱቦው መካከል ኦሪንግ፣ በፒስተኑም ላይ የራሱ ጎሚኒ ይገኛሉ።

፪. ዘይቱ የሚወጣው ከየት ነው?

ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ፣ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሊንደሩንና ቱቦዎቹን አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ ሎደሩን ያለ ጭነት ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጎ፣ አሳርፎና ሞተሩን አጥፍቶ መመልከት ይገባል።

ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ ከወጣ ችግሩ በዘንጉ ጎሚኒ ወይም በዘንጉ በራሱ ላይ ነው። በክዳኑና በቱቦው መጋጠሚያ ከወጣ ኦሪንጉ ይጠረጠራል። በማስተላለፊያ ቱቦው ማሰሪያ ከወጣ ግን ሲሊንደሩን መፍታት አያስፈልግም። በውጭ ምንም ሳይታይ የተነሣው ክንድ በራሱ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ፣ ዘይቱ በፒስተኑ ጎሚኒ ወይም በመቆጣጠሪያው ቫልቭ ውስጥ እያለፈ ነው። ሁለቱ ምልክታቸው አንድ ስለሆነ፣ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ባለሙያው ለይቶ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ተገቢ ነው።

በዘንጉ ላይ ስስ የዘይት እርጥበት መታየቱ የተለመደ ነው፤ ጠብታ ግን ቸል አይባልም። በሴኮንድ 1 ጠብታ የሚያፈስ ሲሊንደር በ6 ሰዓት ሥራ 1 ሊትር ያህል ዘይት ያባክናል።

፫. ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ደኅንነት

በዚያው ደብር 2ኛው ጥገና ሲካሄድ ክንዱ የተደገፈው በተደራረበ ድንጋይ ነበር። ቱቦው ሲላላ ድንጋዩ ተናደ፤ ክንዱም ወደቀ። ከሥሩ ይሠራ የነበረው ወጣት ሌላ መፍቻ ሊያመጣ ገና መነሣቱ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ስለ ዘይቱ የነበረኝ ጥያቄ ሁሉ ለጊዜው ጠፋብኝ። ስለዚህ የሚከተሉት በየትኛውም ጥገና ሊጣሱ አይገባም።

• ባኬቱ መሬት ላይ ይረፍ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ይውጣ። ከዚያ የሎደሩ መቆጣጠሪያ እጀታ የቀረው ግፊት እንዲወጣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ደጋግሞ ይንቀሳቀስ።

• ክንዱ ተነሥቶ መሠራት ካለበት ለዚሁ በተሠራ የብረት ድጋፍ ይያዝ። ድንጋይ፣ የእንጨት ክምርና ክሪክ ድጋፍ አይደሉም።

• ዘይት የሚወጣበትን ቀዳዳ በእጅ ዳስሶ መፈለግ ክልክል ነው። በግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ካርቶን ከርቀት ይዞ መፈለግ ይቻላል።

• ዘይት ቆዳውን የበሳው ሰው ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም፣ ሕመሙም ቀላል ቢሆን፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ዘይቱ በግፊት እንደ ገባም ለሐኪሙ ይነገር። ሰዓታት ማለፋቸው እጅን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል።

፬. አፈታቱና ምርመራው

ሲሊንደሩ ከመፈታቱ በፊት አካባቢው በሚገባ ይታጠብ። ቱቦዎቹ ሲነቀሉ ምልክት ይደረግባቸው፤ አፋቸውም በንጹሕ መክደኛ ይዘጋ፤ ጥቂት አሸዋ ወደ ውስጥ ቢገባ ፓምፑን ይጎዳልና። ክዳኑ በጥርስ የሚጠመዘዝ፣ በማቆሚያ ቀለበት የተያዘ ወይም በብሎን የታሰረ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደ ሆነ ሳይለዩ በመዶሻ መምታት ክዳኑን ያበላሻል። ፒስተኑን በኮምፕሬሰር አየር ገፍቶ ለማስወጣት መሞከርም እንደ ጥይት ሊያስፈነጥረው ስለሚችል ፈጽሞ አይፈቀድ።

ከሲሊንደሩ የወጣው አሮጌ ጎሚኒ አይጣል፤ ለጉዳቱ ዋናው ምስክር እርሱ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠ ከሆነ ዘንጉ ላይ ጭረት ይፈለግ። በአንድ ወገን ብቻ ያለቀ ከሆነ ዘንጉ ጎብጧል ወይም በክዳኑ ውስጥ ያለው መሪ ቀለበት አልቋል ማለት ነው። ደርቆና ተሰነጣጥቆ ከተገኘ እርጅናና ሙቀት፣ አብጦና ለስልሶ ከተገኘ ደግሞ ተገቢ ያልሆነ ዘይት ይጠረጠራል።

ዘንጉ በሙሉ ርዝመቱ ይዳሰስ፤ ቀጥ ባለ ማስመሪያም ይለካ። የቱቦው ውስጥ በባትሪ ብርሃን ይታይ። አሮጌው ጎሚኒ ሊያብጥ ወይም ሊያልቅ ስለሚችል፣ አዲሱ የሚገዛው የዘንጉ ውፍረት፣ የቱቦው የውስጥ ስፋትና የጎሚኒው መቀመጫ በካሊፐር ተለክተው፣ የትራክተሩም ሞዴል ተይዞ ነው።

ሲገጠም የዘንጉ ጎሚኒ ከንፈር ዘይቱ ወዳለበት ወደ ውስጥ፣ የጠራጊው ከንፈር ወደ ውጭ ይዞራል። ጎሚኒው በንጹሕ ሃይድሮሊክ ዘይት ይቀባ፤ በካቻቪቴ ጫፍ ተገፍቶ አይግባ። የፒስተኑም ብሎን በመመሪያ መጽሐፉ በተጻፈው ልክ ይጥበቅ።

ሥራው ሲያልቅ ሎደሩ ያለ ጭነት፣ በዝግታ፣ እስከ መጨረሻው ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ይበል፤ በውስጡ የቀረው አየር የሚወጣው በዚህ ነው። ከዚያ ባኬቱ አርፎ የዘይቱ ልክ ይታይ። በብዙ አነስተኛ ትራክተሮች ሃይድሮሊኩና ማርሹ የሚጠቀሙት በአንድ ዘይት ስለሆነ፣ የተገኘውን ዘይት መጨመር ሁለቱንም ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ጎሚኒውን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይጨመር።

፭. የጉባኤው ውሳኔ

ዘንጉ ቀጥና ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒውን መቀየር በቂ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጭረት፣ የተላጠ ክሮም ወይም ጉብጠት ካለ ዘንጉ ይለወጥ ወይም እንደገና ክሮም ይቀባ፤ በብየዳ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ መፍትሔ አይሆንም። የቱቦው ውስጥ ከተቧጨረ የጥገናውና የአዲስ ሲሊንደር ዋጋ ጎን ለጎን ቀርቦ ይወሰን። በየትኛውም ሁኔታ የክፍያ ጥያቄው «ምን ተበላሸ?» ለሚለው ብቻ ሳይሆን «ለምን ተበላሸ?» ለሚለውም መልስ ይዞ ይቅረብ፤ አሮጌው ጎሚኒም አብሮ ይቅረብ።

ከጥገናው በኋላ ነጂው በየማታው ዘንጎቹን በጨርቅ ይጥረግ፤ ባኬቱን መሬት ላይ ያሳርፍ። በክረምት ለረጅም ጊዜ ሲቆም ዘንጎቹ በተቻለ መጠን ወደ ውስጥ ገብተው ይቁሙ፤ በውጭ የቀረው ክፍል ግሪስ ይቀባ። ድንጋይ ሲጫንም ከዘንጎቹ አጠገብ የሚቆም ሰው አይኑር፤ ዘንጉን የነካ ድንጋይ ካለ በዚያው ቀን ይታይ።

የጠቀስሁት ደብር ጉባኤ ትራክተሩን አልሸጠም። ዘንጉ ተለወጠ፤ ጎሚኒውም ለ3ኛ ጊዜ ተቀየረ። በቀጣዩ ክትትል ስመለስ ጣሳው ተነሥቶ፣ በድንጋዩ ክምር ፋንታ ሁለት የብረት ድጋፎች በመጋዘኑ ግድግዳ ተደግፈው አገኘሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በደብራችን ካሉት መሣሪያዎች መካከል አንድ ዓይነት ብልሽት ደጋግሞ የደረሰበት የትኛው ነው? መንስኤውስ ተመርምሯል?

2. ጥገና ሲካሄድ የሠራተኛውን ደኅንነት የሚከታተል በስም የተመደበ ሰው አለን?

3. የተቀየሩ ዕቃዎች፣ የዘይቱ ዓይነትና ጥገናው የተደረገበት ቀን የሚመዘገብበት መዝገብ አለን?