ኪዩ እና የስበት ቋሚ ቁጥር

ሁሉን ማድረግ የሚችል ገጸ ባሕርይ ለደራሲ ምቹ አይደለም። ችግር በተፈጠረ ቁጥር በአንድ የእጅ ምልክት ሊያስወግደው ስለሚችል ታሪኩ ወዲያው ያልቃል። በ1987 በአሜሪካ መታየት የጀመረው «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀኔሬሽን» የተሰኘ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ግን «ኪዩ» የሚባል እንዲህ ያለ ፍጡር ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ አስገብቷል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኪዩ በጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩርም በቅጽበት በሺዎች ወደሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቀት ይወረውራታል።

በ1990 በቀረበ አንድ ክፍል ግን ኪዩ በገዛ ወገኖቹ ኃይሉን ተነጥቆ ተራ ሰው ይሆናል። በዚያው ሰዓት አንዲት ጨረቃ ምሕዋሯን ስታ ሕዝብ በሚኖርባት ፕላኔት ላይ ልትወድቅ ተቃርባለች። ኪዩ መፍትሔው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የዩኒቨርስን የስበት ቋሚ ቁጥር መለወጥ ነው ብሎ እንደ ቀላል ነገር ይመልሳል። ተመልካቹ ይሥቃል። የፊዚክስ ተማሪ ግን ሥቆ ሲያበቃ እስክሪብቶ ማንሣት ይኖርበታል።

በኒውተን ሕግ መሠረት በሁለት አካላት መካከል ያለው ስበት ከመጠነ ቁሶቻቸው ብዜት ጋር በቀጥታ፣ ከርቀታቸው ካሬ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ይህን ዝምድና ወደ እኩልነት የሚለውጠው ቋሚ ቁጥር «ጂ» ነው፤ መጠኑም በሜትር፣ በኪሎ ግራምና በሴኮንድ ሲለካ 6.674 × 10⁻¹¹ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የአንዲት ጨረቃ ንብረት አይደለም። ፀሐይንም፣ ምድርንም፣ ከመምህሩ እጅ የሚወድቀውን ጠመኔም የሚገዛው እርሱው ነው።

እንግዲህ ጂ በድንገት በግማሽ ቀነሰ እንበል። ከስበት ለማምለጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት በክብ ምሕዋር ከሚዞሩበት ፍጥነት √2 እጥፍ ነው። ጂ በግማሽ ሲቀንስ የማምለጫው ፍጥነት ለ√2 ይካፈላል። ስለዚህ የምድርን ምሕዋር ፍጹም ክብ አድርገን ብንወስደው፣ ምድር ዛሬ የምትዞርበት በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ፍጥነት ራሱ ከፀሐይ ማምለጫ ይሆናል። አንዲት ጨረቃ እናድን ስንል ፕላኔቶችን ሁሉ በጨለማ ጠፈር ውስጥ በተንን ማለት ነው።

ጂ እጥፍ ቢሆንስ? ምድር በሞላላ ምሕዋር እየዞረች ወደ ፀሐይ እስከ 50 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትቀርባለች፤ ዓመቷም ወደ 141 ቀናት ያጥራል። (ስሌቱን ከኢነርጂ አለመጥፋት ሕግ ተነሥታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።) ከዚህ የከፋው የፀሐይዋ ነገር ነው። እንደ እርሷ ያለ ኮከብ የሚያመነጨው ብርሃን በግምት ከጂ ሰባተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ እጥፍ የሆነ ጂ 128 እጥፍ ብርሃን ይሆናል።

የጂን ቋሚነት ሳይንቲስቶችም ጠይቀዋል። በ1937 እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ፣ ጂ የዩኒቨርስ ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል የሚል መላምት አቀረበ። ኤድዋርድ ቴለር ደግሞ በ1948 ከላይ ያየነውን ሰባተኛ ርቢ ይዞ ተሟገተው። ጂ ጥንት ትልቅ ከነበረ ፀሐይ ይበልጥ ትደምቅ፣ ምድርም ይበልጥ ትቀርባት ነበር፤ ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዓመታት በፊትም ውቅያኖሶች ለመፍላት በተቃረቡ ነበር። ቅሪተ አካላት ግን በዚያ ዘመን በባሕር ውስጥ ሕይወት እንደነበረ ይመሰክራሉ። ክርክሩ ውብ ነው፤ ይሁንና በወቅቱ የዩኒቨርስ ዕድሜ ዛሬ ከምናውቀው 13.8 ቢሊዮን ዓመት እጅግ አነስተኛ ተደርጎ ይገመት ስለነበር ኋላ ላይ ላልቷል።

የጠነከረው ማስረጃ የመጣው ከራሳችን ጨረቃ ነው። ከ1969 ጀምሮ ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ ወደተዉአቸው መስተዋቶች የሌዘር ጨረር ይላካል፤ ጨረሩ በ2.5 ሴኮንድ ገደማ ደርሶ ሲመለስ ርቀቷ ይሰላል። ጨረቃ በባሕር ሞገድ ምክንያት በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቀናለች። ይህ ተቀንሶ የሚቀረው ሲመረመር፣ ጂ ይለወጣል ቢባል እንኳ ለውጡ በዓመት ከትሪሊዮን አንድ እጅ ያነሰ መሆኑ ተረጋግጧል።

በድራማው ውስጥ መሐንዲሱ ጆርዲ ላ ፎርጅ የኪዩን ምክር ቃል በቃል አልተቀበለም፤ ከእርሱ ተነሥቶ የጨረቃዋን መጠነ ቁስ በመንኮራኩሯ ልዩ መስክ ለመቀነስ አሰበ። መስኩ ልብ ወለድ ቢሆንም ሐሳቡ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው፦ መጠነ ቁሱ የቀነሰን አካል ያው ግፊት ይበልጥ ያፈጥነዋል። ብልሁም መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ጉዳዩን በአንዲት ጨረቃ ብቻ ወስኖታልና።

የሚገርመው ግን ጂ ይህን ያህል የማይናወጥ ሆኖ ሳለ፣ መጠኑ እንደ ሌሎቹ ዐበይት ቋሚ ቁጥሮች በትክክል አለመታወቁ ነው። ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 የእርሳስ ኳሶችን በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለ ሚዛን ከፈተነ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አልፈዋል። ሆኖም የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች በቅርብ አሥርተ ዓመታት ያገኟቸው ውጤቶች ራሳቸው ካስቀመጡት የስሕተት ወሰን በላይ ይለያያሉ። ኪዩ ኃይሉ ተመልሶለት ጂን ሊለውጥ ቢነሣ እንኳ፣ ከአራተኛው አኃዝ በኋላ ከየት እንደሚጀምር በእርግጠኝነት ልንነግረው አንችልም።