ፍሬቻ አብርቶ ማቋረጫ ላይ መቆም

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ተሳፋሪ ላወርድ መስቀለኛው ጥግ፣ እግረኛ የሚሻገርበት ላይ ለአንድ ደቂቃ ቆምኩ። ከመኪናዬ አልወረድኩም፤ አራቱም ፍሬቻ ይበራ ነበር፤ መንገዱ ላይ ዜብራ እንኳ አልተቀባም። ለምን ተቀጣሁ?

መልስ፦ ሦስቱም ምክንያቶችዎ ብቻቸውን አያስጥሉዎትም። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 22500 ሹፌሩ ውስጥ ቢኖርም ባይኖርም ማቋረጫ ላይ መቆምን ይከለክላል። ከሌላ መኪና ጋር ላለመጋጨት ቆመው ወይም ፖሊስ አዞዎት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ፍሬቻ ማብራት ፈቃድ አይሆንም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን ቀለሙ ነው። መንገዶች በቀጤ ማዕዘን ገደማ ሲገናኙ፣ የእግረኛው መንገድ መስመር በሐሳብ ተስቦ ወደ ማዶ ሲሻገር ማቋረጫ ይባላል፤ ቀለም ኖረም አልኖረም። ታክሲ ቀለም በሌለው ማቋረጫ ላይ ተሳፋሪ ለማውረድ መቆም የሚችለው ከተማው በደንብ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ሌላም ልጨምርልዎ፦ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ መኪና በሚመጣበት በኩል ከማቋረጫው በ20 ጫማ፣ 6 ሜትር ገደማ ውስጥ መቆምም ያስቀጣል። እዚያ የቆመ መኪና በተለይ ሕፃን ልጅን ከሹፌር ዓይን ይሰውራል። የመንገዱ ጠርዝ ቀይ እስኪቀባ አይጠብቁ፤ ርቀቱን በዓይንዎ ይለኩ።